በእጅ የተሰራ ሰዓት ከማዘዛችሁ በፊት፦ ሌቨር፣ ኮአክሲያል፣ ባለሁለት ጎማ ወይስ ዲቴንት?

በትንሽ ወርክሾፕ በዓመት ጥቂት ሰዓት ብቻ ከሚሰሩ ሰዎች መግዛት ያሰበ ሰው ቶሎ ግራ የሚጋባው ኤስኬፕመንት የሚባለው ነገር ላይ ነው፣ ርዕሱ ላይ ያሉት አራቱ ስሞች የሱ አይነቶች ናቸው። አንዱ ዘይት አይፈልግም ይላችኋል፣ አንዱ ጉልበቱ ቀጥታ ባላንሱ (ወዲያ ወዲህ የሚወዛወዘው ጎማ) ጋ ነው የሚደርሰው ይላል፣ ሌላው ደሞ ድሮ መርከብ ላይ የነበረውን ክሮኖሜትር (በጣም ትክክል የሚሄድ ሰዓት) ክንድ ላይ አመጣሁት ይላል። ማንም አልዋሸም፣ ግን ሁሉም የሚነግራችሁ ግማሹን ነው። ቀሪው ግማሽ የሚታየው ሰዓቱ ከአመታት በኋላ ለሰርቪስ ሲከፈት ነው፣ ያኔ ደሞ ብሩ ወጥቷል። ስለዚ እዚጋ ስም እየጠራሁ አላሞግስም፣ መጀመሪያ በምን እንደምንመዝን እንስማማ፣ ከዛ አንድ በአንድ እናያቸዋለን። (አመተ ምህረቶቹ በሙሉ የፈረንጅ ናቸው።)

## ኤስኬፕመንት ስራው ምንድነው

በእጅ ስትሞሉት የሚጠቀለለው ዋናው ሞላ ዝም ብሎ ቢለቀቅ ማርሾቹ ሽው ብለው ዞረው ሰዓቱ ባንዴ ያልቃል። ኤስኬፕመንቱ ያንን ጉልበት በጥርስ በጥርስ እየቆነጠረ ነው የሚለቀው፣ በዛውም ወዲያ ወዲህ ለሚወዛወዘው ባላንስ ትንሽ ግፊት ይሰጠዋል። ዥዋዥዌ ላይ ያለ ልጅ ስትገፉ ከታች መሃል ላይ ሲደርስ ብትገፉት ምቱን አታዛቡትም፣ ቀድማችሁ ወይ ዘግይታችሁ ከገፋችሁ ግን ታዛባላችሁ፣ የባላንሱም ጉዳይ እንደዛ ነው። የ250 አመት የኤስኬፕመንት ክርክር በሙሉ ግፊቱ የት ቦታ ይሰጥ፣ በምን ይሰጥ፣ እየተፋተገ ነው ወይስ ሳይፋተግ የሚል ነው።

እዚጋ ብዙ ገዢ የሚያምታታውን ላጥራ። ቱርቢሎን ኤስኬፕመንት አይደለም። ብሬጌ የሚባለው ሰዓት ሰሪ በ1801 ፓተንት ያወጣበት ቱርቢሎን ባላንሱንና ኤስኬፕመንቱን ኬጅ ውስጥ አስገብቶ አንድ ላይ የሚያዞር ነገር ነው፣ ኬጁ ውስጥ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ያው ሌቨር ነው። ሬሞንትዋርም አይደለም፣ እሱ ከዋናው ሞላ የሚመጣውን ጉልበት በሌላ ትንሽ ሞላ እያጠራቀመ እኩል እኩል አርጎ ለኤስኬፕመንቱ የሚያቀብል ነው። ለምሳሌ የግሮኔፌልድ ወንድማማቾች "1941 ሬሞንትዋር" በየ8 ሰከንዱ ትንሿን ሞላ ይሞላታል፣ ከሷ ቀጥሎ ያለው ኤስኬፕመንት ግን ሌቨር ነው። ሻጩ ስለ ቱርቢሎን ግማሽ ሰዓት ካወራላችሁ በኋላ "እሺ ኤስኬፕመንቱስ?" ብላችሁ ጠይቁ።

## በምን እንመዝን

ለኔ ከሁሉም በላይ የሚከብደው ጥገናው ነው። ትልቅ ካምፓኒ ጋ የመለዋወጫ መጋዘን አለ፣ እዚ ግን ሰሪው አንድ ሰው ወይ አምስት ሰው ነው፣ ያ ሰው ጡረታ ሲወጣ ሰዓቱን ማን ይከፍተዋል? የተሰበረውን ክፍል ሌላ ጎበዝ ሰዓት ሰሪ በራሱ ማሽን ቆርጦ ሊሰራው ይችላል ወይስ አይችልም? ከሱ ቀጥሎ ምት መቋቋሙ (በር ሲመታው፣ ስታጨበጭቡ፣ ክንዳችሁን ቶሎ ስታዞሩ) እና ቆሞ ሲሞላ በራሱ መነሳቱ ነው። ሶስተኛ ዘይቱ፣ ምክንያቱም ዘይት ሲያረጅ የባላንሱ ውዝዋዜ ስፋት፣ ማለትም አምፕሊቱዱ ይወርዳል፣ እሱ ሲወርድ ሰዓቱ ይዛባል። አራተኛ ዋጋ፣ የመግዣው ብቻ ሳይሆን የሰርቪሱም።

"በቀን ስንት ሰከንድ ይስታል" የሚለውን እዚጋ ያላስገባሁት ሆን ብዬ ነው። በደንብ የተስተካከለ ሌቨር ከነዚህ ከማናቸውም ጋር ክንድ ላይ አብሮ ይሄዳል፣ የስዊሱ የክሮኖሜትር ፈተና (በአማካይ በቀን ከ4 ሰከንድ መዘግየት እስከ 6 ሰከንድ መፍጠን) በብዛት የሚያልፉት ሌቨሮች ናቸው። የሰከንዱን ጉዳይ ከኤስኬፕመንቱ አይነት ይልቅ የባላንሱ ክብደትና የሄርስፕሪንጉ (ባላንሱን የሚመልሰው ቀጭን ሞላ) አሰራር፣ ከዛም ሰውየው ቁጭ ብሎ ያስተካከለበት ሰዓት ነው የሚወስኑት።

## 1. ሌቨር

ቶማስ መጅ የሚባል እንግሊዛዊ በ1750ዎቹ የፈጠረው ነው፣ ዛሬ ከሚሸጡት ሜካኒካል ሰዓቶች አብዛኞቹ ውስጥ ያለው የሱ ዘር ነው። ኤስኬፕ ዊል የሚባል ጥርሳም ጎማ አለ፣ ከሱ ቀጥሎ ሁለት ሩቢ የተተከለባት ትንሽ ሹካ አለች፣ ጥርሱ በሩቢው ሰያፍ ፊት ላይ እየተንሸራተተ ሹካዋን ይገፋል፣ ሹካዋ ደሞ ባላንሱን። ችግሩ እዛች መንሸራተት ላይ ነው። ፍትጊያ ስላለ ሩቢው ላይ ግሪስ ያስፈልጋል፣ ከማርሾቹ ከሚመጣው ጉልበትም ባላንሱ ጋ የሚደርሰው ከግማሽ በታች ነው። ያረጀ ሌቨር ተከፍቶ በማጉያ መነጽር ሲታይ ሩቢው ጫፍ ላይ ደርቆ ወደ ዳር የተገፋ የግሪስ መስመር ይታያል፣ መሃሉ ባዶ ነው፣ ያኔ አምፕሊቱዱ 290 ዲግሪ የነበረው ሰዓት 220 ቢያሳይ አይግረማችሁ።

ግን ያ ጉድለት ታጥቦና ዘይት ተቀይሮ የሚስተካከል ነው፣ የትም ያለ ጥሩ ሰዓት አዳሽ ይሰራዋል። ሲመታ አይስትም፣ ቆሞ ሲሞላ በራሱ ይነሳል። ሰሪው ቢሞት እንኳ የብረት ኤስኬፕ ዊሉንና ሹካውን ሌላ ሰው ሊቆርጠው ይችላል።

"ሌቨርማ ተራ ነው፣ ለዛ ልክፈል እንዴ?" የሚል ሰው ሁሌ አለ። ፊሊፕ ዱፉር በ2000 ያወጣው ሲምፕሊሲቲ ሌቨር ነው፣ በሰዓት 18,000 ምት፣ ሰዓቱና ደቂቃው ከታች ትንሽ ሰከንድ፣ በቃ። ሬጀፕ ሬጀፒ በ2018 ያወጣው ክሮኖሜትር ኮንተምፖሬንም ሌቨር ነው። እነዚህ ሰዎች ሌላ መስራት አቅቷቸው አይደለም፣ ልፋታቸውን ያዋሉት ፊኒሺንጉ (ክፍሎቹን በእጅ ማጥራትና ማሳመሩ) እና ማስተካከሉ ላይ ነው። እና እናንተም የምትከፍሉት ለዛ ነው፣ ይሄ ካልጣማችሁ ሌላ ውስጥ ግቡ፣ ግን ሌቨር ስለሆነ ብቻ ርካሽ ስራ ነው አትበሉ።

## 2. ኮአክሲያል

ጆርጅ ዳንኤልስ የሚባል እንግሊዛዊ ሰዓት ሰሪ የሌቨርን መንሸራተት ለማጥፋት የፈጠረው ነው። አንድ ዘንግ ላይ ሁለት ጎማ ተደራርቦ አለ፣ በአንዱ ምት ትልቁ ጎማ ባላንሱን ራሱን ይገፋዋል፣ በሚቀጥለው ምት ትንሹ በሹካዋ በኩል ይገፋል። ጥርሱ ሩቢው ላይ ከመንሸራተት ይልቅ ገፍቶ ነው የሚለቀው፣ ስለዚ ዘይቱ ቢያረጅም የሌቨርን ያህል አይጎዳውም። መቆለፊያው የሌቨር ስለሆነ ደሞ ምት ይችላል፣ በራሱም ይነሳል። በወረቀት ላይ ከሁሉም ሚዛናዊው ይሄ ነው ብል አላጋነንኩም።

በተግባር ሲመጣ ግን ቀጭን ስራ ነው። ሁለቱ ጎማዎች ከፍታቸው፣ ጥርሳቸው፣ መሃላቸው በጣም ልክ መሆን አለበት፣ ትንሽ ከተዛነፈ ይቆማል። ዳንኤልስ ለአመታት በስዊስ ካምፓኒዎች በር ሲመላለስ ኖሮ ኦሜጋ በ1999 አወጣለት፣ እነሱም በሰዓት 28,800 ምት ጀምረው ኋላ ወደ 25,200 አወረዱት፣ ትንሽ ዘይትም ያደርጉበታል። ተማሪው ሮጀር ስሚዝ ደሞ ሁለቱን ጎማ ከአንድ ብረት አውጥቶ አንድ ጎማ አረገው፣ በ2010 አካባቢ፣ የመዛነፉን ችግር ከስሩ የነቀለው እሱ ነው።

በእጅ የተሰራ ኮአክሲያል ከፈለጋችሁ ምርጫችሁ በጣም ጠባብ ነው፣ ወረፋው ረጅም ነው። ቴክኖሎጂው ብቻ ከሆነ የሚያጓጓችሁ የኦሜጋን ሴካንድ ሃንድ ግዙ፣ በእጅ የተሰራ አይደለም ግን ሃሳቡ ያው ነው።

ሴካንድ ሃንድ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ሻጮች የታይምግራፈር (የሰዓትን አካሄድ የሚለካ ማሽን) ፎቶ ይልኩላችኋል፣ ማሽኑ ደሞ አምፕሊቱድ የሚያሰላው ሊፍት አንግል የሚባል ቁጥር (ባላንሱ ከኤስኬፕመንቱ ጋር እየተነካካ የሚዞረው ዲግሪ) ተሞልቶለት ነው። ለብዙ ሌቨር 52 ዲግሪ ነው፣ የኦሜጋ ኮአክሲያል ግን 38 ነው። ሻጩ 52ቱን ሳይቀይር ከለካው እውነተኛው 200 ዲግሪ የሆነ የደከመ ሰዓት ስክሪኑ ላይ 270 ብሎ ጤነኛ መስሎ ይታያል። ፎቶው ላይ 52 ካያችሁ እንደገና ለካልኝ በሉት።

## 3. ባለሁለት ጎማው (ናቹራልና ዘመዶቹ)

እዚጋ ነው ነገሩ የሚጣፍጠው። ብሬጌ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ሁለት ኤስኬፕ ዊል አስቀመጠ፣ አንዱ ባላንሱን ወደ ቀኝ ሲሄድ ይገፋዋል፣ ሌላው ወደ ግራ ሲመለስ። ሁለቱም ቀጥታ ነው፣ ሹካዋ የምትሰራው መቆለፍና መክፈት ብቻ ነው፣ ስለዚ ግፊቱ ላይ ዘይት አያስፈልግም። ናቹራል ያለው እሱ ራሱ ነው። ግን ከጥቂት ሰዓቶች በላይ አልገፋበትም፣ ለምን መሰላችሁ፣ ሁለቱ ጎማዎች በጥርስ የተያያዙ ናቸው፣ በጥርስና በጥርስ መሃል ደሞ የግድ ትንሽ ክፍተት አለ፣ በዛች ክፍተት ምክንያት ሁለተኛው ጎማ ቦታውን በትክክል አይዝም፣ ይንቀጠቀጣል። ጎማ ሁለት ሲሆን ክብደቱም ሁለት ነው፣ በየምቱ ማስነሳትና ማቆም ጉልበት ይበላል።

የዛሬዎቹ ችግሩን የፈቱት በሁለት መንገድ ነው፣ የምትገዙትንም የሚለየው ይሄ ነው።

አንደኛው ማቅለል ነው። ሎራን ፌሪዬ በ2011 ሹካዋን ከሲሊከን፣ ጎማዎቹን ከኒኬል ፎስፎረስ አረጋቸው። ኤፍ ፒ ጁርን በ2012 ክሮኖሜትር ኦፕቲመም ላይ የቲታኒየም ጎማ አስገባ፣ ከፊቱ ሬሞንትዋር ጨመረበት፣ ሌሎቹን የሚያስቸግረውን በራሱ የመነሳት ነገርም ፈታው። ካሪ ቮውቲላይነን ቫንት ዊት ላይ ደሞ ከባድና ትልቅ ባላንስ በ18,000 ምት አረገበት፣ ሲወዛወዝ ማየቱ ራሱ ደስ ይላል።

ሁለተኛው መለየት ነው። ዳንኤልስ (እሱ ሁሉም ቦታ አለ) ሁለቱን ጎማዎች ጭራሽ አላያይዝም ብሎ ለእያንዳንዱ የራሱን የማርሽ ሰልፍ ሰጠው፣ በ1982 የሰራው ስፔስ ትራቭለር የኪስ ሰዓት እንደዛ ነው። ቻርልስ ፍሮድሻም የሚባለው ቤት በ2018 ያንን ወደ እጅ ሰዓት አመጣው፣ በርንሃርድ ሌደረር በ2020 ሴንትራል ኢምፐልስ ክሮኖሜትር ላይ ለሁለቱም ሰልፍ የየራሱ ሬሞንትዋር ጨመረ። ክፍተቱ ሄደ፣ ግን ሁሉም ነገር ሁለት ሁለት ሆነ፣ የሚታጠበውም የሚስተካከለውም የሚከፈለውም።

ከዚ ሁሉ ውስጥ እኔን በጣም የሚያሳምነኝ ማስረጃ ግን ከራሳቸው ከሰሪዎቹ የመጣ ነው። ሎራን ፌሪዬ በ2022 ስፖርት ኦቶ የሚለውን የየቀን ሰዓት ሲያወጣ ናቹራሉን ትቶ ሌቨር ነው ያስገባበት። በናቹራል የሚታወቅ ቤት ለሚመታ ሰዓት ሌቨር ከመረጠ እኛ ምን እንከራከራለን።

ሲሊከን ላይ ልጨምር። ቀላል ነው፣ ማግኔት አይዘውም፣ ዘይት ብዙም አይፈልግም፣ ጥሩ ነው። ግን ተሰባሪ ነው፣ የሚሰራውም በፋብሪካ ነው፣ ሰዓት ሰሪ ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ብሎ ሊቆርጠው አይችልም። የብረቱን ጎማ ከ50 አመት በኋላም የሆነ ሰው ይሰራዋል፣ የሲሊከኑን ግን መለዋወጫ የያዘ ካልተገኘ በቃ። "በእጅ የተሰራ" ብሎ የሚከፍል ሰው የሰዓቱ ልብ በእጅ ያልተሰራ ክፍል መሆኑ ቢያንስ ሊነገረው ይገባል።

## 4. ዲቴንት

ፒየር ለ ርዋ በ1748 የጀመረው፣ ኋላ ጆን አርኖልድና ቶማስ ኧርንሾው በ1780ዎቹ አካባቢ መርከብ ላይ የሚሰራ ያደረጉት ነው። ሹካ ጭራሽ የለም። ጎማውን አንዲት ዘንግ ቆልፋ ትይዛለች፣ ባላንሱ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲሄድ ከፍቷት በዛው ቅጽበት ጎማው ቀጥታ ይገፋዋል፣ ሲመለስ ግን ከፀጉር የቀጠነች የወርቅ ሞላ ዘንበል ብላለት ምንም ሳይነካ ያልፋል። ስለዚ ግፊቱ በሁለት ምት አንዴ ብቻ ነው። ጆሮ ስትሰጡት ይታወቃል፣ አንዱ ምት ጠንከር፣ ሌላው ሹክ ያለ። ባለ 18,000ው ሌቨር ሰከንዱ በሰከንድ 5 ጊዜ ዝልል ሲል ይሄኛው 2.5 ጊዜ ነው፣ መርፌው ላይ በአይን ይለያል።

ዘይት የለም፣ ፍትጊያ በጣም ትንሽ ነው፣ ባላንሱ አብዛኛውን ጊዜ በነጻነት ይወዛወዛል። መርከብ ላይ ክሮኖሜትሩ ሳጥን ውስጥ በጂምባል ተንጠልጥሎ ሁሌ አግድም ስለሚተኛ ይሄ ንጉስ ነበር። ክንድ ግን መርከብ አይደለም። ክንዳችሁን ቶሎ ስታዞሩ ባላንሱ ከአንድ ሙሉ ዙር በላይ ከሄደ ዘንጓን በአንድ ምት ሁለቴ ይከፍታታል፣ ጎማው ሁለት ጥርስ ያልፋል፣ ሰዓቱ ይጋልባል፣ ማለትም ይፈጥናል። ቆሞ ከነበረ ደሞ ስለሞላችሁት ብቻ አይነሳም፣ ቀለል አርጋችሁ ማዞር ሊኖርባችሁ ይችላል።

ስለዚ ዛሬ ዲቴንት የሚሰራ ሰው የሚመዘነው በዲቴንቱ ሳይሆን መጋለቡን በከለከለበት ዘዴ ነው። ኡርባን ዩርገንሰን የሚባለው ቤት በ2011 ፒ8 ብሎ አወጣ፣ ራውል ፓጄስ ደሞ በ2022 አርፒ1 የሚለውን ሰዓት አወጣ፣ ቆላፊዋ ዘንግ በሞላ የምትታጠፍ ሳትሆን በራሷ ምሰሶ ላይ የምትዞር ነች፣ መጋለብ መከላከያም አላት፣ በ2024 ለነጻ ሰዓት ሰሪዎች በተዘጋጀው የመጀመሪያው የሉዊ ቪቶን ሽልማት ያሸነፈው እሱ ነው። ቆንጆ ስራ ነው። አንድ ሰዓት ብቻ ላለው ሰው ግን አልመክርም፣ መከላከያው እንዳለ ሆኖ።

## ባጭሩ

| | ሌቨር | ኮአክሲያል | ባለሁለት ጎማ | ዲቴንት |
|---|---|---|---|---|
| ግፊቱ | በሹካ፣ በሁለቱም ምት | አንዱ ቀጥታ፣ አንዱ በሹካ | ሁለቱም ቀጥታ | ቀጥታ፣ በሁለት ምት አንዴ |
| ዘይት | ያስፈልጋል | ትንሽ | ግፊቱ ላይ የለም | የለም |
| ምት መቋቋም | በጣም ጥሩ | ጥሩ | እንደ አሰራሩ | ደካማ፣ መከላከያ ይፈልጋል |
| በራሱ መነሳት | አዎ | አዎ | ሁሉም አይደለም | አይነሳም |
| ሌላ ሰው ሊጠግነው | በቀላሉ | የሰለጠነ ካለ | ከባድ፣ ሲሊከን ካለው የባሰ | ብርቅ እጅ ይፈልጋል |
| ሰርቪስ ወጪ | ዝቅተኛው | መካከለኛ | ከፍተኛ | ከፍተኛ |

## ማን ምን ይግዛ

በየቀኑ የምታረጉት አንድ ሰዓት ከሆነ፣ ወይ ባጀታችሁ ተቆጥቦ የተጠራቀመ ከሆነ፣ ሌቨር። እንደውም ለኤስኬፕመንቱ የምትጨምሩትን ገንዘብ ለተሻለ ፊኒሺንግ ወይ ለሬሞንትዋር ብታውሉት ይሻላል፣ ሬሞንትዋር ያለው ሌቨር በየሰዓቱ እኩል ጉልበት ያገኛል፣ ጠጋኝም አይጠፋለትም።

ሰዓቱን ለልጃችሁ ማውረስ ከሆነ ሃሳባችሁ የሰሪውን እድሜና ወርክሾፑ ውስጥ ተተኪ መኖሩን እዩ፣ የብረት ክፍል ያለውን ምረጡ። ሌቨር ወይ ኮአክሲያል፣ ኮአክሲያሉ በመርህ ደረጃ ለሰርቪስ ረዘም ላለ ጊዜ ይታገሳል።

ሌሎች ሰዓቶች ያሏችሁና ይሄኛውን ለስብሰባና ለእራት የምታረጉት ከሆነ ባለሁለት ጎማው ነው የሚያረካችሁ፣ ከጀርባው መስታወት ሁለቱ ጎማዎች ሲቀባበሉ ማየት ሌላ ቦታ የማታገኙት ነገር ነው። አቅሙ ካለ የተለያየ ሰልፍ ያለው፣ ከሌለ የተያያዘው፣ ግን የሲሊከኑን ጥያቄ ሳትጠይቁ እንዳትፈርሙ።

ዲቴንት ታሪኩን ለሚያውቅና ሰዓቱ ቢቆም ለማይናደድ ሰው ነው። ሩጫ፣ ቴኒስ፣ ሞተር ሳይክል ካለ ይቅርባችሁ።

ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ሰሪውን እነዚህን በጽሁፍ መልስልኝ በሉት፦ በስንት አመት ይከፈታል፣ ሰርቪሱ ስንት ወር ይፈጃል፣ ሰዓቱ ሙሉ በሙሉ በተሞላ ጊዜና ከ24 ሰዓት በኋላ አምፕሊቱዱ ስንት ነው፣ የተለካው በየትኛው ሊፍት አንግል ነው፣ ኤስኬፕ ዊሉን የሚሰራው እሱ ነው ወይስ ያስመጣዋል። የሚያስመጣው ከሆነ መለዋወጫ ኤስኬፕ ዊልና ሹካ ከሰዓቱ ጋር አብሮ ይሰጣችሁ እንደሆነ ጠይቁ፣ ባለሁለት ጎማ ከሆነ ጥንዱን፣ አንዱን ብቻ እንዳትቀበሉ።